በሽፋኑ ላይ የሚከራከሩት እነማን ናቸው? የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ቢሮ በኤድዋርድ ሰባተኛ ዘመን

ጥያቄ፦ «ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ ስለተፈራረሙት ስለ 1906ቱ የሦስትዮሽ ውል እየጻፍኩ ነው። ከለንደን ያስመጣኋቸው የሰነድ ፎቶዎች ግራ አጋቡኝ። እስከ 1905 ያሉት ንጹሕ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ። ከ1906 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ደብዳቤ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ላይ ሦስት አራት ሰው በየራሱ እጅ ጽሑፍ ይከራከራል። ምን ተፈጠረ? እነዚህ ሰዎችስ እነማን ናቸው? ውሏቸው ምን ይመስል ነበር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ ዓይን አለሽ። ብዙ ተማሪ ይዘቱን አንብቦ ያልፋል፤ አንቺ ወረቀቱንም አይተሻል። አጭሩ መልስ ይኼ ነው። በ1906 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤቱን እንደ አዲስ አደራጀ። እስከዚያ ድረስ ሲገለብጡ የኖሩት ወጣት ጸሐፊዎች ያን ጊዜ አስተያየት መጻፍ ጀመሩ። ሽፋኑ ላይ ያየሽው ክርክር እሱ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሰነዶችሽም በዚያው ናቸው።)

ረጅሙን መልስ ከሕንፃው ልጀምር። መሥሪያ ቤቱ ለንደን ዋይትሆል ላይ ነው፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ፊት ለፊት ማለት ይቻላል። ሕንፃውን የሠራው ጆርጅ ጊልበርት ስኮት ነው፤ የተከፈተው በ1868። ደረጃውና አዳራሹ የቤተ መንግሥት ነው፤ እንግዳ ሲገባ አንገቱን ሽቅብ እንዲያንጋጥጥ ተብሎ የተሠራ። ውስጡ የሚሠራው ሰው ግን እፍኝ የማይሞላ ነበር። ከ1914ቱ ጦርነት ዋዜማ ላይ እንኳ፣ ዘበኛና ተላላኪ ተቆጥሮ፣ ለንደን ያለው ሠራተኛ በሙሉ 200 አይደርስም። ዛሬ አንድ የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ከዚያ የሚበልጥ ሰው ሳይኖረው አይቀርም። የዓለምን ሩብ የያዘ መንግሥት የውጭ ግንኙነቱን የሚመራው በዚያ ቁጥር ነበር።

እና ይህ እፍኝ ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራ ነበር? ይገለብጣል።

አልቀለድኩም። ከ1906 በፊት የአንድን ደብዳቤ ጉዞ ተከተይ። ደብዳቤው ይመጣል፣ ይከፈታል፣ ለቁመቱ ይታጠፋል። በጀርባው ከማን እንደመጣ፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና ፍሬ ነገሩ በአጭሩ ይጻፋል። መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለክፍሉ ኃላፊ ይቀርባል። ከዚያ ሽቅብ ወደ ምክትሎቹ፣ ወደ ቋሚ ኃላፊው (ሚኒስትር ቢቀየርም ወደማይቀየረው የሠራተኞቹ አለቃ)፣ ጉዳዩ ከከበደም ወደ ሚኒስትሩ ይወጣል። ውሳኔው ወደ ታች ሲወርድ ረቂቅ ይዘጋጃል። ረቂቁ ሲጸድቅ ወጣቱ ጸሐፊ ቁጭ ብሎ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ይገለብጠዋል። ለሌላ ኤምባሲ የሚላክ ግልባጭ ካለ ግልባጩንም ይገለብጣል። ቴሌግራም ከመጣ የኮዱን መጽሐፍ ዘርግቶ ቁጥሩን ወደ ቃል ይመልሳል። በመጨረሻ ከረጢቱን አስሮ፣ አሽጎ፣ ማኅተም ያደርጋል።

ይህን የሚሠራው ማን መሰለሽ? የአገሪቱን ውድ ትምህርት ቤቶች የጨረሰ ልጅ። ብዙዎቹ ኢተን የሚባለው ትምህርት ቤት ውጤቶች ናቸው። ለመግባት መጀመሪያ ሚኒስትሩ ራሱ ሊያጭህ ይገባል፤ ማንም ተነስቶ ልፈተን ማለት አይችልም። ከዚያ ፈተናው አለ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ያለበት። ያን ሁሉ አልፎ የገባ ወጣት ለዓመታት ሥራው የቁም ጸሐፊ ሥራ ነው፤ ብራናው ብቻ ነው የቀረው። አንቺ «ንጹሕ ደብዳቤ» ያልሽው የዚያ ልጅ ላብ ነው። ላቡ እንጂ ሐሳቡ እዚያ ውስጥ የለም።

የጽሕፈት መኪና አልነበረም ወይ ትይኛለሽ። ነበረ። በ1889 ሶፊያ ፉልቸር የምትባል ሴት በታይፒስትነት ተቀጥራ ገብታለች፤ ለመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያዋ ናት። ቁጥራቸው ግን ቀስ ብሎ ነው የጨመረው። ሴት ታይፒስት ሆና ትግባ እንጂ ዲፕሎማት መሆን የተፈቀደላት በ1946 ነው። ስለዚህ ሽፋንሽ ላይ ከምታያቸው እጅ ጽሑፎች መሀል ሴት አትፈልጊ። በታይፕ የተመታውን ረቂቅ ግን ሴት መትታው ሊሆን ይችላል፤ ስሟን አታገኚውም እንጂ።

የሥራ ሰዓታቸው ለብዙ ቀልድ ምክንያት ሆኗል። በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ይገባሉ። ማምሻውን ይወጣሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት የጌቶች ሥራ ነው፤ በከፊልም ነበር። ነገር ግን ከረጢት የሚወጣበት ቀን ሲሆን ያመሻሉ። ከረጢቱን የሚወስዱት የንጉሡ መልእክተኞች ናቸው፤ ምልክታቸው ከብር የተሠራ አዳኝ ውሻ ነው። ባቡሩ ጸሐፊው እስኪጨርስ አይጠብቅም። ከላይ ሰገነቱ ላይ ደግሞ እዚያው የሚያድሩ ተረኛ ጸሐፊዎች ነበሩ። ሌሊት ቴሌግራም ሲመጣ የሚነሱት እነሱ ናቸው። ኮዱን ይፈታሉ፤ የሚያስቸኩል ከሆነ አለቃ ይቀሰቅሳሉ፣ ካልሆነ ተመልሰው ይተኛሉ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። በ25 ዓመትህ ሌሊት ለሚኒስትሩ ሰው መላክ አለመላክህን ብቻህን መወሰን!

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳታምታቺ። ለንደን ያሉት ጸሐፊዎችና ኤምባሲ ያሉት ዲፕሎማቶች በዚያን ጊዜ አንድ አገልግሎት አልነበሩም። አቀጣጠራቸውም ደመወዛቸውም ይለያያል። አንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በልዩ ፈቃድ፣ ብዙ ጊዜ በመለዋወጥ ነው። ዲፕሎማት ልሁን ያለ ወጣት ቢያንስ 400 ፓውንድ የግል ዓመታዊ ገቢ እንዳለው ማሳየት ነበረበት። ለምን? አታሼ (የኤምባሲው ጀማሪ) ሆኖ የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት የሚሠራው በነፃ ስለሆነ። ከዚያ ሦስተኛ ጸሐፊ ሲሆን በዓመት 150 ፓውንድ ይከፈለዋል። ደንቡ የተነሳው ሁለቱ አገልግሎቶች በተዋሐዱበት በ1919 ነው። የድሃ ልጅ አይግባ ብሎ በግልጽ የጻፈ የለም፤ 400 ፓውንድ ሲጻፍ ሌላው መጻፍ አያስፈልገውም።

ቆንስሎች ደግሞ ከሁለቱም በታች ናቸው። እነሱ ስለ መርከብ፣ ስለ ንግድና ስለ ታሰረ መርከበኛ ይጽፋሉ፤ ግብዣ ላይም ወንበራቸው ራቅ ይላል። ቢሆንም ዘመኑ ካወጣቸው ወረቀቶች አንዱን ትልቅ የጻፈው ቆንስል ነው። ሮጀር ኬዝመንት በ1903 ኮንጎን ዞሮ በላስቲክ ንግድ ስም የሚደረገውን ግፍ ጻፈ፤ በ1904 መጀመሪያ ታትሞ ዓለምን አስደነገጠ።

አሁን ወደ ሰዎቹ። የድሮው ቢሮ ፊት ሰር ቶማስ ሳንደርሰን ነው። በ1859 ገባ፤ ከ1894 እስከ 1906 ቋሚ ኃላፊ ሆነ። መነጽሩ ከመወፈሩ የተነሳ ወጣቶቹ ጸሐፊዎች «ላምፕስ» ይሉት ነበር፣ መብራቶቹ እንደማለት። የእሱ ጥበብ ረቂቅ ማረም ነው። ነጠላ ሰረዝ ሳትቀር ያያል። የበታቾቹ ስለ ፖለቲካ ምን እንደሚያስቡ ግን እምብዛም አይጠይቅም። ጸሐፊ ይጻፍ፣ ሚኒስትር ያስብ ነው ነገሩ። እኔ በበኩሌ ሳንደርሰንን እወደዋለሁ። ሁሉም እሱን የዘመነ ኋላ ቀርነት ምሳሌ ያደርገዋል፤ ፋይሎቹን የከፈተ ሰው ግን ከዚያ በኋላ እንደሱ የጠራ እንግሊዝኛ አያገኝም።

ወረቀቱ ግን በዛ። የአፍሪካ ሽሚያ አለ፣ ቻይና አለች፣ ቴሌግራም በየሰዓቱ ይመጣል። የተማሩት ልጆች በመሰላቸት ቀለጡ። በላንስዳውን ሚኒስትርነት (ከ1900 እስከ 1905) ነገሩ በኮሚቴ ተጠና። ለውጡን የገፋው ኤር ክሮው የሚባል ጸሐፊ ነው። ክሮው የሚገርም ሰው ነው። የተወለደው ላይፕሲግ ነው፤ እናቱ ጀርመን፣ ኋላም ሚስቱ ጀርመን። ያደገውም የተማረውም እዚያው ጀርመን ነው። እንግሊዝ አገር የመጣው በ17 ዓመቱ ለዚሁ ፈተና ለመዘጋጀት ሲሆን በ1885 ተቀጠረ። መዝገብ አያያዝ ላይ የነበረው ፍቅር ከወዴት እንደመጣ አንባቢ ይፍረድ።

እቅዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። መገልበጡን፣ መመዝገቡንና ማስቀመጡን ለሌላ የጸሐፊ እርከን ስጡ፤ አንድ ማዕከላዊ መዝገብ ቤት ይኑር፤ የተማሩት ልጆች ያስቡ። በ1906 መባቻ ሥራ ላይ ዋለ። ያኔ ላንስዳውን ወርዶ ሰር ኤድዋርድ ግሬይ ከመጣ ገና ወር አልሞላውም። ሳንደርሰንም ታሞ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጣ፤ ከሴንት ፒተርስበርግ አምባሳደርነት የመጣው ሰር ቻርልስ ሃርዲንጅ ተተካ። ሚኒስትሩም፣ ቋሚ ኃላፊውም፣ መዝገብ ቤቱም በጥቂት ወራት ውስጥ ተቀየሩ ማለት ነው። ያንቺ ውል የተፈረመው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 13 ነው። እድለኛ ነሽ ወይም እድለ ቢስ ነሽ፤ ርእስሽ መሀል ለመሀል ተሰንጥቋል።

ስንጥቁ የመደርደሪያ ቁጥር ላይም ይታያል። ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እስከ 1905 ድረስ የእኛ ጉዳይ «ኤፍ ኦ 1» ውስጥ ነው፤ ኤፍ ኦ የውጭ ጉዳይ ቢሮው የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ነው። አቢሲኒያ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ቀዳሚ ስለሆነች ቁጥር 1 ደረሳት፤ ክብር አድርገሽ እንዳትወስጂው። ከ1906 ወዲህ የአገሩ ሁሉ ፖለቲካዊ ደብዳቤ «ኤፍ ኦ 371» በሚባል አንድ ትልቅ ተከታታይ ውስጥ ገባ። ይህ የቤተ መዛግብት ሰዎች ያመጡት ክፍፍል አይደለም፤ የክሮው መዝገብ ቤት ጠባሳ ነው።

ሽፋኑን እንዴት ታነቢያለሽ? የእኛን መሥሪያ ቤት የምታውቂ ከሆነ ግማሹን ታውቂዋለሽ። ገቢ ደብዳቤ ቁጥር ይወጣለታል። ከዚያ «ይመራል»። አለቃ ጠርዙ ላይ «ለአቶ እገሌ፣ ታይቶ ይቅረብልኝ» ይላል። የእነሱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ምሪቱ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ የሚጽፈው ታናሹ ነው። «ይህ ከባለፈው ወር ደብዳቤ ጋር አይሄድም፤ እንዲህ ብንመልስ» ይላል። የክፍሉ ኃላፊ ይጨምርበታል ወይም ይቃወመዋል። ረዳት ምክትሉ አንድ መስመር ይጥላል። ቋሚ ኃላፊው ሁለት ቃል። ሚኒስትሩ አንዳንዴ የስሙን ፊደል ብቻ። በግራ በኩል የታተሙት ቃላት ደግሞ የመዝገብ ቤቱ ናቸው፦ ያለፈው ወረቀት፣ የሚቀጥለው ወረቀት፣ ምን ተደረገበት፣ ተጠናቀቀ ወይ። «ያለፈው» እና «የሚቀጥለው» ያሉትን ቁጥሮች ተከተይ። እንደ ክር ናቸው፤ አንዱን ስትስቢ ሌላው ይመጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ውርደት ልንገርሽ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ሽፋን ላይ ስለ አገራችን የተጻፈ ኃይለኛ አስተያየት አገኘሁ። ደሜ ፈላ። «የእንግሊዝ መንግሥት አቋም ይህ ነበር» ብዬ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። አማካሪዬ ረቂቁን አነበቡና «ልጄ፣ ይህ ሰው ስንት ዓመቱ ነበር?» አሉኝ። ሄጄ ፈለግኩ። ከገባ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ኖሯል። ከሱ በታች ያለው የአለቃው መስመር «አልስማማም» ይላል፤ እኔ የፎቶውን ጠርዝ ቆርጬ ነበርና አላየሁትም። ገጹ ወደ ቅርጫት ሄደ። ስለዚህ ምክሬ፦ ሽፋኑን ከመጨረሻው ፊርማ ጀምረሽ ሽቅብ አንብቢ። መንግሥት የሚባለው የመጨረሻው ፊደል ነው። ሌላው ጭውውት ነው፤ ደስ የሚል ጭውውት፣ ግን ጭውውት።

ስለ ፊደሎቹ ካነሳን አይቀር አንድ ወጥመድ አለ። ግሬይ በስሙ መነሻ ፊደላት ይፈርማል፣ ኢ እና ጂ። ከ1904 እስከ 1907 ረዳት ምክትል የነበረው ኤልደን ጎርስትም የስሙ መነሻ ፊደላት እነዚያው ናቸው። ጎርስት የግብፅን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አባይና ሱዳን ባሉበት ሁሉ እጁ አይጠፋም። በአንድ ሚኒስትርና በአንድ ረዳት ምክትል መካከል ያለው ልዩነት ለመመረቂያ ጽሑፍ ቀላል አይደለም። እጅ ጽሑፋቸውን ፊርማው በሙሉ ከተጻፈበት ሌላ ወረቀት ጋር አስተያይ። ቦታውንም እዪ። ከሃርዲንጅ በፊት ከሆነ ግሬይ የመሆን እድሉ ጠባብ ነው።

የለውጡን ክብደት ለማየት ከርእስሽ ትንሽ ልውጣ፤ ለዚህ ሲባል ይቅር ትይኛለሽ። ጥር 1 ቀን 1907፣ አዲሱ መዝገብ ቤት ልክ አንድ ዓመት ሲሞላው፣ ክሮው እንግሊዝ ከፈረንሳይና ከጀርመን ጋር ስላላት ግንኙነት አንድ ረጅም ጽሑፍ አቀረበ። ጀርመን የምትሄድበት መንገድ እንግሊዝን የሚያሰጋ ነው፣ ለሷ መለሳለስ ይቁም ይላል በጥቅሉ። ሳንደርሰን ዘመን አንድ የክፍል ኃላፊ ይህን አስቦ ቢሆን ኖሮ ለሚስቱ ነበር የሚያወራው። አሁን ግን ግሬይ አደነቀው፤ የካቢኔ ሰዎችም እንዲያዩት አዘዘ። ጡረተኛው ሳንደርሰን ጽሑፉ ደረሰውና በየካቲት መልስ ጻፈ። ክሮው ጀርመን ላይ ያየውን ሌላው ዓለም እኛ ላይ ሊያየው ይችላል አለ። የባዕድ አገር ሰው የእኛን ጋዜጣ ቢያነብ የእንግሊዝ ግዛት ሪህ እንደያዘው ግዙፍ ሰው ይመስለዋል፤ ጣቶቹን በዓለም ሁሉ ዘርግቶ የተኛ፣ ማንም ቀረብ ሲል የሚጮህ። ስለ ቅኝ ግዛት ከተጻፈው ሁሉ ይህችን ምስል የሚያክል አላነበብኩም፤ የጻፈውም ዕድሜውን በሙሉ ግዛቱን ያገለገለ ሰው ነው። የድሮው ቢሮ የመጨረሻ ድምፅ ነበረች። አልተሰማችም።

ግሬይ ራሱ እንዴት ያለ ሰው ነው? ከተማ አይወድም። ቅዳሜና እሁድ ሃምፕሽር ውስጥ ወንዝ ዳር ወዳለች ትንሽ ቤቱ ሄዶ ዓሣ ያጠምዳል፣ ወፍ ያያል። የሰነድ ሳጥኖቹ ይከተሉታል። ፈረንሳይኛው ደካማ ነው፤ ያኔ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ይህ ትንሽ ነውር አይደለም። ሚኒስትር ሆኖ ወደ ውጭ አገር የወጣው ገና በሚያዝያ 1914 ነው፣ ፓሪስ፣ ንጉሡን ተከትሎ። ስምንት ዓመት ሙሉ ዓለምን ያየው በሽፋን ነው ብትዪ አልተሳሳትሽም።

አሁን ደብዳቤው ወደሚመጣበት ጫፍ እንምጣ። በዘመኑ እንግሊዝ «ኤምባሲ» የምትለው ዘጠኝ ቦታ ብቻ ነበራት፦ ፓሪስ፣ በርሊን፣ ቪየና፣ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ሮም፣ ማድሪድ፣ ኢስታንቡል፣ ዋሽንግተን፣ ከ1905 ጀምሮም ቶኪዮ። ሌላው ሌጋሲዮን ነው፣ ከኤምባሲ ዝቅ ያለ መልእክተኛ ቤት። የአዲስ አበባውም ሌጋሲዮን ነበር። ኃላፊው ጆን ሌን ሃሪንግተን የሕንድ ጦር መኮንን እንጂ በፈተና የገባ ዲፕሎማት አይደለም። የመጣው ከዘይላ ቆንስላ ነው። ግንቦት 15 ቀን 1902 የተፈረመው የሱዳን ወሰንና የአባይ ውል ላይ ያለው ፊርማ የሱ ነው። በእረፍት ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ይርቃል፤ ያኔ ቦታውን ከሸፈኑት አንዱ ጆርጅ ክለርክ ነው። የቤተሰቡ ስም ትርጉም «ጸሐፊ» መሆኑን ልብ በይ። ሰውየው ከለንደን ቢሮ የመጣ ነው፤ ደብዳቤውን የሚጽፍበትንም የሚነበብበትንም ጫፍ ያውቀዋል። በ1905 እና በ1906 የሱን ደብዳቤዎች ካገኘሽ ረጋ ብለሽ አንብቢ፤ ለንደን ያለው ጸሐፊ ምን እንደሚጠይቅ ገምቶ ቀድሞ ይመልሳል።

ሌጋሲዮኑ ያኔ ሳር ክዳን ቤቶች ነበሩ። በ1910 የሌጋሲዮኑ ኃላፊ የነበረው የቴሲጀር ልጅ፣ ኋላ ታዋቂ ተጓዥ የሆነው ዊልፍሬድ፣ የተወለደው እዚያው ግቢ ነው። ከረጢቱ በበቅሎ ድሬዳዋ ይወርዳል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት በቅሎውና ግመሉ እስከ ባሕር። ከጅቡቲ መርከብ፣ ከዚያ አውሮፓ። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ሁለት ቀን አለ፣ የተጻፈበትና የደረሰበት። በመካከላቸው ሳምንታት ያልፋሉ። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሞቆ በርዶ አልቆ ሳለ ለንደን ላይ ገና ይከራከሩበታል። ሁለቱን ቀኖች በሠንጠረዥ ካላስቀመጥሽ ማን ምን አውቆ እንደወሰነ ይጠፋብሻል።

ርቀቱ እኛንም ይይዘናል። ራስ መኮንን በ1902 ለኤድዋርድ ዘውድ ጭነት ለንደን ሄደው ነበር። በዓሉ ለሰኔ 26 ተቀጥሮ ሳለ ንጉሡ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ለትርፍ አንጀት ተቀደደ። በዓሉ ወደ ነሐሴ 9 ተላለፈ። የሌላው አገር ልዑካን ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ራስ መኮንን ግን ከአገር ቤት ሌላ ትእዛዝ ስላልደረሳቸው እዚያው ቆዩ፤ በዓሉንም አዩ።

በእኛ በኩል ያኔ መዝገብ ቤት የለም ማለት ስሕተት ነው፣ አለ ማለትም ያስቸግራል። ደብዳቤው ቤተ መንግሥት ይጻፋል፣ በጸሐፌ ትእዛዙ እጅ። «ሞዓ አንበሳ» የሚለው ማኅተም ያርፍበታል። የአውሮፓውን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ያማክር የነበረው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነው። ምኒልክ ሚኒስትሮችን የሾሙት በጥቅምት 1900 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ንግድና ውጭ ጉዳይ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ተሰጠ። ይህ ያንቺ ውል ከተፈረመ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ውሉን ሳይፈርሙ ጽሑፉን ለንጉሡ አሳይተዋቸው ነበር። ንጉሡም ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ሥልጣኔን በምንም አይገድበውም አሉ። ያቺ መልስ ለንደን ስትደርስ ሽፋን ተለብሶላታል። ሽፋኑ ላይ ምን ተጻፈ? እኔ ብሆን ከሁሉም አስቀድሜ የምፈልገው እሱን ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሽፋኑ ላይ ሁሉም ነገር የለም። ዲፕሎማቶቹ ይፋዊ ደብዳቤ ነገ መንግሥት ለፓርላማ በሚያቀርበው «ሰማያዊ መጽሐፍ» ታትሞ ሊወጣ እንደሚችል ያውቃሉ። ስለዚህ የልባቸውን «የግል» ብለው ይጽፋሉ፤ አምባሳደሩ ለቋሚ ኃላፊው፣ ቋሚ ኃላፊው ለአምባሳደሩ። የግል ደብዳቤ መዝገብ ቤት አይገባም፤ ቁጥርም የለውም። ብዙው ከሰውየው ጋር ቤቱ ሄዷል። የተረፈው በከፊል «ኤፍ ኦ 800» ውስጥ በየሰው ስም ተቀምጧል፣ የላንስዳውንም የግሬይም አለ። ይፋዊው ደብዳቤ «በአክብሮት አስታውቃለሁ» ብሎ ሲያበቃ፣ በዚያው ከረጢት የሄደው የግል ደብዳቤ «ወዳጄ፣ እውነቱን ንገረኝ ካልክ» ብሎ ሊጀምር ይችላል። ገንዘብሽ የሚበቃሽ ለአንድ ተጨማሪ የፎቶ ትእዛዝ ብቻ ከሆነ ለኤፍ ኦ 371 ሳይሆን ለሱ አውይው፤ የፎቶውንም ጠርዝ እንዳይቆርጡብሽ ንገሪያቸው።